በወህኒ ቤት ስለሚደረግ ዳንስ



በናይሮቢ ከተማ ዳር ካሚቲ የሚባል ታላቅ ወህኒ ቤት አለ። የማው ማው መሪ ዴዳን ኪማቲ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሰቀለው በዚሁ ነው። ስለ ዳንስ ልናገር ቆሜ ከወህኒ ቤት መጀመሬ አይግረማችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በኪኩዩ ቋንቋ አንድ ቴአትር ደረሰ። ከናይሮቢ በማይርቀው በሊሙሩ፣ በካሚሪቱ መንደር፣ ገበሬውና ሠራተኛው መድረኩን በገዛ እጁ ሠርቶ ቴአትሩን በዘፈንና በጭፈራ አሳየው። ጥቂት ሳምንታት እንደ ቆየ ግን ፈቃዱ ተነጠቀ። በዓመቱ መጨረሻ ንጉጊ ተይዞ ያለ ፍርድ ካሚቲ ገባ፤ አንድ ዓመት ያህልም ሲታሰር በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ጻፈ። መድረኩም እ.ኤ.አ. በ1982 ፈረሰ።

የዚህን ሰው ብርታት ሁላችንም እናደንቃለን። ነገር ግን ብዕር ያልለመደ እስረኛ በምን ይናገር? ሰውነቱ አለ እንዳንል እስረኛ የሰውነቱ ጌታ አይደለም፤ ተነሥ ሲሉት ይነሣል፤ ለቆጠራ ተሰለፍ ሲሉት ይሰለፋል። የዘመናዊ ዳንስ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በባህል ጭፈራ የአባቶችን ርምጃ እንከተላለን (እርግጥ ጥሩ እስክስታ የሚመታ ሁሉ ከራሱ ይጨምራል)፤ በዘመናዊው ዳንስ ግን የሚወድቅበትን፣ የሚነሣበትን፣ ዝም ብሎ የሚቆምበትንም የሚመርጠው ሰውየው ራሱ ነው።

በካሚሪቱ ገበሬው ያደረገውን በአገራችንም የጎዳና ልጆች አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ከእነርሱ ጋር ዳንስ አዘጋጀ፤ ከዚያም አዱኛ የተባለው ቡድን ተወለደ። ከልጆቹ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው የዳንስ ሊቅ ከሳቡሮ ቴሺጋዋራ ዘንድ እንዲማር ተመረጠ። ጎዳና ወህኒ አይደለም፤ ሆኖም ማንም የማይጠይቀው ሰውነት የሚናገረው ነገር እንዳለው በእነዚህ ልጆች ታይቷል።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እስረኛውን እያስጨፈርን ብናሳይ በሰልፉ ላይ ሌላ ሰልፍ ጨመርንበት ማለት ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ወደ ወህኒ ገብቶ ለማስተማር የሚፈቅድ ሰው ቢኖር፣ ትርኢቱን ለኋላ ያቆየው፤ የታሰሩበትንም ጉዳይ አይጠይቅ። «ዛሬ አልጨፍርም» ያለ ሰው ካለ ከግድግዳው ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ስሙም አይመዝገብ።