ሐይቅ ዳር ለማረፍ ላሰባችሁ

ውኃ ዳር ማረፍ ሲነሣ ብዙዎቻችን ሐዋሳን ወይም ባሕር ዳርን እንጠራለን። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማም ልትታሰብ ይገባታል። በአውሮፕላን ከመጣችሁ የምታርፉት ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ በደሴ በኩል በመኪና ነው።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ምረጡ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ነው። ግሸን በአጎራባቹ በአምባሰል ወረዳ ውስጥ ስለሆነች መንገዱ በምእመናን ይሞላል፤ አልጋም ይወደዳል። ለበዓሉ የምትመጡ ማረፊያ አስቀድማችሁ ያዙ። ጸጥታ የምትሹ ጥቅምትን ጠብቁ፤ ዝናቡ ያባራል፤ የተራራው ልምላሜም ገና አይጠፋም።

ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያሠሩት የብራና ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ያለ ቦታ በጥድፊያ አይታይም! ሴቶች ወደ ገዳሙ እንደማይገቡ ግን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩበት፤ ደጃፍ ላይ ደርሶ መስማት ቅር ያሰኛል። ሴቶች፣ ወንዶቹ እስኪመለሱላችሁ ድረስ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላችሁ መቆየት ትችላላችሁ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ በወልድያ መንገድ ወደ ውጫሌ ዝለቁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ በዚያው በአምባሰል ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ደሴ ወይም ሐይቅ ወዳለ ዘመድ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።