የወደቀ ይነሳል ወይ?

ስለ ስታቲስቲክስ ተናገር ስትሉኝ እንዳላስተኛችሁ ፈርቼ ቤዝቦል ይዤ መጣሁ።

የምኖረው ባልቲሞር ነው። የከተማችን ክለብ የኦሪዮልስ መቺ ክሪስ ዴቪስ በ2013 53 ሆም ራን መታ። በ2014 ግን የምት አማካዩ ከ0.286 ወደ 0.196 ወረደ። ከመቶ ሙከራ 29 ያህል ይሳካለት የነበረው ሰው 20 እንኳ አልሞላም ማለት ነው። አለቀለት ስንል በ2015 ተነስቶ 47 ሆም ራን መታ! ክለቡም የ7 ዓመት፣ የ161 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። በ2018 እንደገና ወደቀ፤ 0.168። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ በ2021 ጨዋታ አቆመ።

ታዲያ ምን እንመን? የአንድ ዓመት ውጤት ችሎታና ዕድል የተቀላቀሉበት ነው። እውነተኛ ችሎታው 0.250 የሆነ መቺ 500 ጊዜ ቢሞክር፣ በዕድል ብቻ 0.230 ወይም 0.270 ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ክፉኛ የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ ዓመት ትንሽ ይሻሻላል። እስከ ድሮው ጫፍ ግን ብዙም አይደርስም፤ ጫፉም ላይ ዕድል ነበረበታ!

ቀሪውን የሚወስነው የመውደቁ ምክንያት ነው። ኮዲ ቤሊንጀር በ2019 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ነበር። ትከሻው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በ2021 0.165 ላይ ወረደ። የቀድሞ ክለቡ ከለቀቀው በኋላ፣ በ2023 በቺካጎ ከብስ 0.307 መታ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ወባ ይዞኝ ዋርኒንግ ደርሶኝ ነበር። በዚያ ሴሚስተር ብቻ ተፈርዶብኝ ቢሆን ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። አሁን ደግሞ ውጤቱ አንድ ሴሚስተር የወረደ ተማሪ ከማኅበራችን ድጋፍ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦልናል።

ሁሉም ይነሳል አልልም፤ ዴቪስን አይተናል። ግን ከመሰረዛችን በፊት ስልክ እንደውል፤ "ምን ሆነህ ነው? ምን ሆነሽ ነው?" ብለን እንጠይቅ። ከዚያ አንድ ሴሚስተር እንጨምርላቸው። ቁጥሩ የሚነግረን መውደቃቸውን ነው፤ ለምን እንደወደቁ ግን ካልጠየቅን አናውቅም።