ሠራተኛው በትልቅ ፋብሪካ የሚወደውና የሚጠላው

ወጣቶችን ለፋብሪካ ሥራ ለሚመለምሉ የወረዳና የቀበሌ ኀላፊዎች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፥ ሰው በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ በሚሠራበት ጊዜ ምኑን እንደሚወድና ምኑን እንደሚጠላ የሚመለከት ነው። ይህ ጉዳይ የአሠሪና የሠራተኛ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይኖሩ ይሆናል። ዳሩ ግን በየገጠሩ እየዞራችሁ ወላጆችን ሰብስባችሁ «ልጃችሁን ወደ ፋብሪካ ስደዱ» የምትሉ እናንተ ስለ ሆናችሁ፥ የምትሰጡት ተስፋ እውነት መሆኑን አስቀድማችሁ ልትመረምሩ ይገባል።

የፋብሪካ ሥራ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንድ ኩባንያ አማካይነት ሥራውን የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሠራተኛው ቤትና ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤትም በማግኘቱ ብዙዎች ወደዱት፤ ልጆቻቸውንም በዚያው አሳደጉ። ነገር ግን የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ነበረ፥ የብዙ ሰው ጥርስና አጥንት ተጎዳ። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፥ ሠራተኛ የሚኖርበትን ፋብሪካ በአንድ ነገር ብቻ መዝኖ እንደማይፈርድ ነው፤ መልካሙንም ክፉውንም አንድ ላይ ይኖረዋልና።

በዘመናችን ይህ ነገር ጎልቶ የታየው በሐዋሳ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ኩባንያዎች ገቡበት፤ እስከ 60,000 ለሚደርሱ ሰዎችም ሥራ ያስገኛል ተብሎ ታቀደ። ከየወረዳው የተመለመሉት አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፥ የጀማሪው ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑንና ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ የሠራተኞቻቸውን ቍጥር ያህል በአዲስ ሰው እንደሚተኩ አመለከቱ። ይህን ያህል ሰው የሚለቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ከመመለሳችን በፊት የገባበትን ምክንያት እንመልከት።

ሠራተኛው በመጀመሪያ የሚወደው ደመወዙ ቀኑን ጠብቆ መከፈሉን ነው። የቀን ሥራ ዛሬ ይገኛል፤ ነገ ይታጣል። የወር ደመወዝ ግን ትንሽ ቢሆንም በእርሱ ተማምኖ ዕቁብ ይገባበታል፤ ለእናት ለአባትም ይላክበታል። ሁለተኛው ሙያ ነው፤ በስፌት መኪና መሥራት የተማረች ልጅ ያንን ዕውቀት ማንም ሊወስድባት አይችልም። ሦስተኛው ጓደኝነት ነው። ከቤት ሥራና ከያለዕድሜ ጋብቻ ሌላ መንገድ ላላየች ልጅ፥ በራስዋ ገንዘብ ማዘዝና ከእኩዮችዋ ጋር መዋል ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ ሕጋዊ አሠሪ ለሠራተኛው ጡረታ ይከፍላል፤ መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ፥ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው። ይህን በቀን ሥራ የሚያገኝ የለም።

የሚጠላውስ? ከሁሉ በፊት ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ ተርፎ የማይተርፍ መሆኑን ነው። ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ተከራይተው የሚያድሩ ልጆች፥ ለቤተ ሰብ እንልካለን ብለው መጥተው ከቤተ ሰብ ጤፍና በቆሎ የሚላክላቸው ሲሆኑ፥ የወጡበት ዓላማ ይገለበጥባቸዋል። ቀጥሎ የሚጠሉት ንቀትን ነው። በማያውቁት ቋንቋ የሚጮኽባቸው አለቃ፥ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ መለመን፥ አንድ ቀን ታሞ በመቅረት የሚቆረጥ ገንዘብ፤ እነዚህ ከደመወዝ ማነስ ይልቅ ልብን ያቆስላሉ። የማታ ፈረቃ ሲያልቅ በጨለማ መንገድ ወደ ቤት መሄድም ለሴት ልጅ የዕለት ተዕለት ሥጋት ነው።

ይህም ከሐሜት ያለፈ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአገራችን በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ሥራ የጠየቁትን ሰዎች በዕጣ ከፍለው ተከታተሉ፤ ውጤቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 አሳተሙ። ለአንደኛው ወገን የፋብሪካ ሥራ፥ ለሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ከንግድ ትምህርት ጋር ተሰጠ፤ ሦስተኛው ወገን ለማነጻጸሪያ ቀረ። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ሳይቈዩ ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ካልገቡት እምብዛም አልበለጠም፤ በሥራው በቈዩ ቍጥር ከባድ የጤና ጉድለት እየጨመረ ሄደ። ገንዘቡን ያገኙት ግን ገቢያቸው በሢሶ ያህል ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ የሦስቱ ወገኖች ኑሮ ተቀራርቦ ተገኘ። ትርጓሜው ግልጽ ነው፤ ሰው ፋብሪካ የሚገባው ብዙ ጊዜ የተሻለ እስኪያገኝ ድረስ ለመጠለያ እንጂ ለዘለቄታ አይደለም።

«ድሀ አገር ስለ ሆንን ይህ የግድ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በአሜሪካ የፎርድ መኪና ፋብሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 14,000 ሠራተኛ ለማኖር ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ግድ ሆኖበት ነበር። በ1914 መባቻ የቀኑን ገቢ ወደ 5 ዶላር ከፍ አድርጎ የሥራውን ሰዓት ከ9 ወደ 8 ባወረደ ጊዜ፥ የሚለቀው ሰው ቍጥር በአንድ ጊዜ ወደቀ። ባለ ሀብቱ ይህን ያደረገው ለምጽዋት ሳይሆን፥ በየቀኑ አዲስ ሰው ማስተማር ከደመወዝ ጭማሪ የበለጠ ስለሚያከስረው ነው።

እውነቱን ለመናገር፥ የእኛ ፋብሪካዎች ገበያ በእጃቸው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሰጥታ የነበረውን ከቀረጥ ነጻ የመሸጥ ዕድል ስታግድ፥ በሐዋሳ ከነበሩት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ዘግቶ ወጣ፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞችም በአገራቸው ሳያጠፉ ሥራቸውን አጡ። ስለዚህ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር ሳይጣላ እንኳ ሥራው ሊቋረጥ እንደሚችል ሊነገረው ይገባል።

በእጃችን ያለው ግን ብዙ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሥራውን ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ቢሆን በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5፥ በሌሊት 1.75፥ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፥ በበዓል ቀን 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የምትወልድ ሴት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀን ደመወዝዋ ሳይቋረጥ ታርፋለች። ይህን ሳታውቅ የምትሄድ ልጅ መብትዋን ከማን ትጠይቃለች?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ለወላጆችና ለልጆች የምትነግሩት ደመወዝ ተቀናሹ ወጥቶለት፥ ከሚሄዱበት ከተማ የቤት ኪራይ ጋር ተነጻጽሮ ይሁን። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ተመልማይ በሚገባው ቋንቋ የመብቱን ዝርዝርና አቤት የሚልበትን መሥሪያ ቤት ይያዝ። ሦስተኛ፥ የላካችኋቸውን ልጆች ከአንድ ወር በኋላ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ለፋብሪካው አስተዳደርና ለከተማው ሹም አቅርቡ፤ የመንገድ መብራትና የማደሪያ ቤት ጉዳይ የመንግሥትም ሥራ ነውና።

አበው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ይላሉ። እውነቱን እያወቅን በባዶ ተስፋ ሰው ብንልክ፥ ሄዳ የተመለሰችው ልጅ ለመንደርዋ የምትናገረው ቃል ከእኛ ስብከት ሁሉ ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላም የሚያምነን አይገኝም። እውነቱን ነግረን የላክናት ግን ብትቈይም በሙያዋ ትጠቀማለች፤ ብትመለስም አታማርረንም። ፋብሪካውም የሚቈይለት ሰው የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።