ቀዩና አረንጓዴው ዘይት፦ ስለ ሃይድሮሊክ ሳስፔንሽን አጠባበቅ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፦ በሃይድሮሊክ ሳስፔንሽን ውስጥ የሚገባው ዘይት የትኛው ነው? ሲትሮይን እ.ኤ.አ. በ1955 ፓሪስ ላይ ያቀረበው ዲኤስ የተሰኘው መኪና በብረት ሞላ ፈንታ የታመቀ ናይትሮጅን ይጠቀም ነበር። በየእግሩ በተገጠመው የብረት ሉል ውስጥ ጋዙንና ዘይቱን የሚለያያቸው ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው። ያው ዘይት ፍሬኑንም ስለሚያሠራ ምርጫው የሕይወት ጉዳይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቀድሞ ያገለግል የነበረው ቀይ ፈሳሽ ኤልኤችኤስ የአየር እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ከውስጥ ያዝገው ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ አረንጓዴው ማዕድናዊ ዘይት ኤልኤችኤም ተተካ። ይሁንና የሁለቱ ጎሚኒዎች በኬሚካዊ ባሕርያቸው ይለያያሉ፤ ለቀዩ የተሠራው በአረንጓዴው ያብጣል፤ ለአረንጓዴው የተሠራውም በተለመደው የፍሬን ዘይት ይበላሻል። «ዘይት ያው ዘይት ነው» የሚል መካኒክ፣ ሥራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ እኔ አላምነውም።

መኪናው ሲነጥር ዘይት መጨመርም የተለመደ ስሕተት ነው። ናይትሮጅኑ በሽፋኑ በኩል ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ የጎደለው ጋዝ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሉሉ በጋዝ ይሞላል ወይም ይለወጣል። የኤልኤችኤም መጠን የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ወደ መጨረሻው ከፍታ ከወጣ በኋላ ነው። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ግን ሞተሩ ይጠፋል፤ ግፊቱም በማስተንፈሻው ብሎን ይለቀቃል።