ከጓሮ አትክልት ስለሚዘጋጅ እርጥብ ድልህ የተሰጠ ንግግር



ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉበት የምዕራብ ጎጃም ወይና ደጋ አገር በርበሬ የሚያበቅል መሆኑ በሩቅም በቅርብም የታወቀ ነው። ገበሬው ክረምቱ ሳይገባ ችግኙን በመደብ ላይ ያፈላል፤ ዝናሙ ሲጸና ወደ ማሳው ያዛውራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ቃሪያውን ይቀጥፋል፤ የቀላውንም ለቅሞና በፀሐይ አድርቆ ወደ ገበያ ያወርዳል። የገበያው ጥቅም መልካም ነው። ነገር ግን ምርቱ ሁሉ በጆንያ ታስሮ ከሄደ፣ የደከመበት ሰው ልጆች ከእርጥቡ በረከት ሳይቀምሱ እንዳይቀሩ ያሰጋል።

በርበሬ ከጥንት ጀምሮ የአገር ተክል ይመስላል። ዳሩ ግን በርበሬም ቲማቲምም መገኛቸው አሜሪቃ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገሩትም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. ባሕሩን ካቋረጠ በኋላ ነው። የሜክሲኮ ሰዎች እስከ ዛሬ እርጥብ በርበሬና ቲማቲም ሞልካሄቴ በሚባል ባለ ሦስት እግር የድንጋይ ሙቀጫ እየደቆሱ ሳልሳ የሚሉትን ማባያ ይሠራሉ። የጎጃም እናት በወፍጮና በመጅ ድልህ ስትፈጭ የምትሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ አይለይም።

የእርጥቡ ጥቅም በሊቃውንት ተመርምሯል። አልበርት ሴንት ጆርጂ የሚባለው የሃንጋሪያ ሊቅ በሴጌድ ከተማ ከበርበሬ ብዙ ቪታሚን ሲ አወጣ፤ በዚህና በተዛመደው ምርመራውም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ይህ ቪታሚን ድድን ከመድማት ይጠብቃል፤ በእህልና በጥራጥሬ ያለውንም ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ነገር ግን በእሳትና በፀሐይ ብዙው ይጠፋል። ቀይ በርበሬ ደግሞ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለበት፤ የዚህም መጕደል ዳፍንት ያመጣል። ማባያ ብቻውን ግን ምግብ አይሆንም፤ ከሽሮ፣ ከጎመንና ከባቄላ ጋራ ሲበላ ነው የሚጠቅመው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ያህል የቀላ እርጥብ በርበሬ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይጠነፈፋል። ጕንጩ ተቈርጦ ይጣላል፤ ፍሬውና በውስጡ ያለው ነጭ ሥር ይወጣል። የሚያቃጥለው ኀይል ይልቁን የተከማቸው በዚህ ነጭ ሥር ነውና፣ ለሕፃናት ሲሆን አጥርቶ ማውጣት ይገባል። ከዚያ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ጥቂት በሶብላና ጤና አዳም ይጨመርበታል። ጨውም ተጨምሮ በወፍጮ ላይ እስኪልም ይፈጫል። የሚወድ ሰው አንድ ሁለት የበሰለ ቲማቲም ቢጨምርበት ይለዝባል።

ሦስት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ድልሁ እሳት አያይምና እጅ፣ ወፍጮና ዕቃ ሁሉ በሳሙና ይታጠቡ፤ ማቅጠኛ ውሃ ቢያስፈልግ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሁለተኛ፣ የበርበሬው ቃጠሎ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ እጅን በዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ፣ አፍ ሲቃጠልም ወተት ወይም እርጎ መጠጣት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ድልህ በዘይት ሸፍኖ ብዙ ቀን ማኖር አይገባም። አየር በሌለበት ቦታ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያወጣ ተሐዋሲ ሊበቅል ይችላልና። መርዙም በሽታና በጣዕም ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ መፍጨት ይበልጣል።

የትምህርት ቤቱም ጓሮ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሁለት መደብ በርበሬ፣ አንድ መደብ ሽንኩርት፣ በዳርቻው በሶብላና ጤና አዳም ቢተከል ልጆች መትከልን፣ መቍጠርንና ንጽሕናን ባንድነት ይማራሉ። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች አንድ ዘር ናቸውና የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ይጋባል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ቦታቸውን ከባቄላ ወይም ከጎመን ጋራ መለዋወጥ ያሻል።

ሽማግሎች የእናቶችን የፍጭት ብልሃት ለልጆች ያሳዩ፤ መምህራንም ምክንያቱን ያስረዱ። ያን ጊዜ በርበሬው ለገበያም ለገበታም ይሆናል።