ጥናቱ ወደ ሰፈር ይመለስ
(ለተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፈተ፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ፤ በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተጀመረ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህርን የሚተካ መምህርም ይጠፋል። ስለዚህ ከመካከላችን በዚህ ሙያ ለማስተማርና ለመመራመር ያሰበ ሁሉ የሚጠብቀው ማዕረግ ብቻ ሳይሆን አደራም ነው።

የሙያውን አጀማመር እንመልከት። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር እ.ኤ.አ. በ1889 በቺካጎ ሃል ሃውስን ሲመሠርቱ ከድሆች ሰፈር ገብተው ኖሩ። በ1895 የቤቱ ነዋሪዎች የጎረቤቶቻቸውን ደመወዝና የትውልድ አገር በካርታ አሳተሙ። የሚያጠኑት አብረውት የሚኖሩትን ሕዝብ ነበር።

እኛም ጎረቤት አለን። ዳኛና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ ወርኃዊ መዋጮ ሰብስቦ፣ ድንኳን ተክሎ ሐዘንተኛን የሚያጽናና እድር አለን። ይህን ሳያጠና ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ብቻ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን ለሌላ አገር ያዘጋጀዋል።

መጠይቅ ይዘን ደጇን የምናንኳኳው እናት ጊዜዋንና ምሥጢሯን ትሰጠናለች። እኛ ዲግሪ እናገኛለን፤ እርሷስ? ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ከቀረ፣ ተበድሮ አለመክፈል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የእያንዳንዱ መመረቂያ ጽሑፍ ውጤት የማንም ስም ሳይነሣ፣ ሰፈሩ በሚናገረው ቋንቋ ባጭሩ ይጻፍ፤ በእድሩ ስብሰባም ይነበብ። መምህራኖቻችንም ይህን ከማርኩ ይቍጠሩልን። ሕዝቡ ተሳስታችኋል ቢለን፣ ያን ጊዜ ምርምሩ ተጀመረ ማለት ነው።