የሰሊጡ አገር ጂኦግራፊ

የዛሬው ሀሳቤ ጂኦግራፊና ልማት ጥናት ትምህርት ክፍል ለደረሳችሁ የመተማዋ ሸሕዲ ልጆች ነው። «ምን ሥራ ያስገኛል?» ሲሏችሁ አንገታችሁን አትድፉ፤ መልሱን ከሰሊጣችን ጀምሩ።

ሰሊጥ ሲደርስ የዘር መያዣው ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ዋልካው ላይ ይረግፋል። የቀን ሠራተኛው በአጨዳ ወቅት ከደጋ ወደ መተማ የሚጎርፈው ለዚሁ ነው። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ የሰው ፍልሰቱ፣ የዓለም ገበያው አንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ።

የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ረሃብን ሲያጠኑ ዝናቡን ብቻ አልተመለከቱም፤ ገበሬውን አቅም ያሳጣውን ሥርዓትም መረመሩ። ትልቅ ድፍረት ነው።

በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝቡ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲገባ አይታችኋል፤ ይህም ጂኦግራፊ ነው። እስቲ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በዚህ ቆላ ላይ ሥሩ፤ የአንድ ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ ከአጫጁ እስከ ላኪው እንዴት እንደሚከፋፈል ጠይቁ።